በፕላስተር የታሸገው ማይክ

ጥር ፬ ቀን

ይድረስ ላጎቴ ልጅ፣

አንተም ባለቤትህም ልጆቹም በያላችሁበት ጤናው ይብዛላችሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራው ፋታ ባይሰጠኝም ወገቤ ገና አልከዳኝም። እማዬንና አባዬን በእኔ ፈንታ አገላብጠህ ሳምልኝ።

ይህን ደብዳቤ ያመጣችልህ የሥራ ባልደረባዬ እህት ናት። አንድ ጥቁር ቦርሳም ታስረክብሃለች። ውስጡ ገመድ አልባ ማይክ አለ፣ ከሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ጋር። አንደኛው አባዬ ቀበቶ ላይ የሚታሰረው ማስተላለፊያ ነው፤ ሌላው ካንተ ካሜራና እዚያው ቦርሳ ውስጥ ካለው የድምፅ መቅጃ ሪከርደር ጋር የሚያያዘው መቀበያ ነው።

ነገሩን ታውቀዋለህ። ሐኪሞቹ በሚያዝያ መጨረሻ የአባዬን ጉሮሮ ከፍተው ድምፅ የሚሰጠውን አካል ያወጡለታል። ከዚያ በኋላ ይተነፍሳል፣ ይበላል፣ አይናገርም። ከዚያ በፊት ድምፁ በወጉ እንዲቀዳልኝ እፈልጋለሁ። እኔ መምጣት አልችልም፤ የስፖርት ውድድሩ ስርጭት እስኪያልቅ፣ ድምፅ በምቆጣጠርበት የቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ፈቃድ የሚባል ነገር አይነሳም።

እንዳትቀየመኝ እንጂ የላክህልኝን የእህትህን የሰርግ ፊልም አይቼዋለሁ። ሙሽራው ቃሉን ሲሰጥ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚሳደብ ነው የሚመስለው። ሌቭል፣ የድምፁ መጠን፣ የሚስተካከለው ከምንጩ ጀምሮ ነው። ማስተላለፊያው ላይ ከልክ በላይ ገብቶ አንዴ የተቀደደን ድምፅ ካሜራው ላይ ብትቀንሰው፣ ያው የተቀደደው ነው ቀንሶ የሚመጣልህ። መጀመሪያ ማስተላለፊያው፣ ከዚያ መቀበያው፣ ካሜራውና ሪከርደሩ መጨረሻ። ካሜራውን ድምፁን ራሱ ከፍ ዝቅ በሚያደርገው አውቶ ላይ ካደረግኸው ደግሞ አባዬ ዝም ባለ ቁጥር የግድግዳውን ሰዓት ጎትቶ አፍንጫህ ሥር ያመጣልሃል።

የአባዬን ድምፅ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ሲጣራ ከወዲያኛው ጫፍ ያሉ ሾፌሮች ሞተር ያስነሱ ነበር። ድምፅ ማጉያ ይገዛ ሲባል እንኳ ሥራ አስኪያጁ «ጥሩንባው እያለልን ለምን ኤሌክትሪክ እናቃጥላለን» ብሎ ነው ያስቀረው። ስለዚህ ማስተላለፊያውን የመጨረሻው ዝቅታ ላይ አድርጌ ቁልፉን በፕላስተር አሽጌዋለሁ። ካሜራውና ሪከርደሩ የሚቆሙበትን ቁጥርም ጽፌ ሪከርደሩ ጀርባ ላይ ለጥፌልሃለሁ። ያንተ ሥራ ማሰርና ማብራት ብቻ ነው። ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ አይኑር፣ አንድ ድምፅ ብቻ። ፕላስተሩን ደግሞ አትንካ። እባክህን አትንካ።

ያጎትህ ልጅ


ጥር ፳፱ ቀን

ይድረስ ለባለሙያው ያጎቴ ልጅ፣

ሰላምታህ ደርሶናል። እኛም ደህና ነን፤ ጤናውን ላንተም አያጉድልብህ።

ቦርሳው ገብቷል። እንዳልከው አድርጌያለሁ። ጋሼን ሳሎን ውስጥ፣ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው እንዲቀመጡ አደረግሁ። ፍሪጁን ነቀልኩ፣ ሰዓቱን ከግድግዳው አውርጄ መኝታ ቤት ብርድ ልብስ ውስጥ ከተትኩት። እትዬ ከባላቸው አጠገብ ልቀመጥ ብለው ነበር፤ «አንድ ድምፅ ብቻ» ስላልክ ጓዳ እንዲቆዩ አደረግሁ፣ ተቀየሙኝ። ማስተላለፊያውን ቀበቷቸው ላይ አሰርኩ፣ ማይኩን ደረታቸው ላይ ሰካሁ፣ ካሜራውንና ሪከርደሩን የጻፍከው ቁጥር ላይ አቆምኩ። ጋሼ ከምሳ በኋላ ጀምረው እስኪደክማቸው ተናግረዋል። ካርዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ።

ፕላስተሩን አልነካሁም። እንዳልነካሁት እንድታይ ፎቶ አንስቼ ካርዱ ላይ ጨምሬዋለሁ።

የበርሜሉን ነገር ለእህቴ ነገርኳት። «ባሌ በርሜል ውስጥም ሆኖ ቃሉን ሰጥቷል፣ ያንተስ እመጣለሁ ያልከው ቃል የታለ?» በልልኝ ብላለች። ባትሪዎቹ አልቀዋል፤ ሌላ ዙር የምታዝዘኝ ከሆነ ባትሪ ላክ።

ያጎትህ ልጅ፣ ሰርግ አንሺው


የካቲት ፲፰ ቀን

ያጎቴ ልጅ፣

ሰላምታውን መጨረሻው ላይ ፈልገው፤ እዚያ እስክደርስ ንዴቴ ከበረደ ታገኘዋለህ።

ይህ የላክህልኝ ምንድን ነው? ካርዱን ሥራ ቦታ፣ ባልደረቦቼ ከበውኝ ነው የከፈትኩት። አባቴን ላሰማቸው ነበር። ለዓመታት ሳወራላቸው የኖርኩትን ጥሩንባውን። ወንበር ሲንቋቋ ሰማን። መንገድ ላይ መኪና ሲያልፍ ሰማን። አንድ ሰው ሲተነፍስ ሰማን። ድምፁን ከፍ ሳደርገው ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ያለ እሽሽታ ጆሮዬን ሞላው፤ ከእሽሽታው ሥር አንድ ነገር ይንሾካሾካል። ባልደረቦቼ እርስ በርስ ተያይተው አንድ በአንድ ወጡ።

ማይኩን ኮቱ ውስጥ ቀበርከው? ወይስ ገመዱን ሳትሰካው ነው የካሜራውን ማይክ ይዘህ የመጣኸው? የፕላስተሩን ፎቶ ለማንሳት ጊዜ የነበረህ ሰው ማዳመጫ ጆሮህ ላይ ለማድረግ ጊዜ አጣህ? አንድ ነገር፣ አንዲት ነገር ነው የለመንኩህ። እኔ እዚህ ሆኜ ለክቼ፣ አሽጌ፣ ቁጥር ጽፌ፣ አንተ የቀረህ ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር፤ እሱንም አበላሸኸው። በዚህ እጅህ የሰው ሰርግ እየዞርክ ማበላሸትህ ሲገርመኝ የአባቴን ጨመርክበት።

ስልክ ደወልኩ፤ ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ። ሰላምታ የለም፣ ንዴቴ አልበረደም።


የካቲት ፴ ቀን

ያጎቴ ልጅ፣

ሰላምታ ያስቀረኸው አንተ ነህ፤ እኔም አልጀምርም።

ስልኩን የዘጋሁት ከአፌ የሚወጣው ሁሉ ስድብ ሆኖ ስለመጣብኝ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስጽፍ ቢያንስ ቃል እስክፈልግ ትንሽ እበርዳለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው አልበረድኩም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ ያንተን ጆሮ አይተው መሆን አለበት። ያ የሰማኸው ሹክሹክታ የአባትህ ድምፅ ነው። የቀረው ያ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጋሼ የሚናገሩት እንደዚያ ነው። ከመናኸሪያ በር ሆነው አውቶቡስ ያስነሱ የነበሩት ሰውዬ ዛሬ ውሃ ሲጠማቸው ብርጭቆውን በማንኪያ ይመታሉ።

በስልክ እሰማው የለም እንዴ ትለኛለህ። ያ የምትጠላው አውቶ ስልክም ውስጥ እንዳለ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም? ጋሼ አፋቸውን ስልኩ ላይ ለጥፈው ሲንሾካሾኩ ከሌላው ሰው ጋር እኩል አድርጎ ያቀርብልሃል። እሱ ያልጎተተውን እትዬ ይጨርሱታል። «አባትህ እንዲህ እያለህ ነው» እያሉ የሚደግሙልህ ወሬ ስለሚወዱ መሰለህ? ይህን ያህል ዓመት ድምፅ እየለካህ እንጀራህን ስትበላ፣ የእናትህን ድምፅ በአባትህ ቦታ ስትሰማ አንድ ቀን አልጠረጠርክም?

ያልነገርንህ ጋሼ ከልክለውን ነው። «ከነገራችሁት የቀረችኝንም አልተነፍሳትም» አሉ። ለምን ሲባሉ ደግሞ «መጥቶ ለማያይ ሰው መርዶ ምን ያደርግለታል» አሉ።

አሁን ስለ ሌቭልህ። የዚያን ቀን የሪከርደሩ መለኪያ ከሥሩ አልተነሳም። አንዲት አረንጓዴ ብልጭ ትልና ትጠፋለች። አየሁት። ማዳመጫም ጆሮዬ ላይ ነበር፤ ሰማሁት። ፕላስተሩን መላጥ የአንድ ጥፍር ሥራ ነበር። አልላጥኩትም። ሃያ ዓመት ካሜራ የተሸከምኩትን ሰው «ቁልፍ ተጫን» ብለህ አዝዘኸኛል፤ እኔም ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ያዘዘውን ያግኝ አልኩ። እቆጫለሁ፣ ላንተ ግን አይደለም። አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ያቺን ያለቻቸውን ድምፅ እየቆነጠሩ ላወጡት ለጋሼ ነው የምቆጨው።

ያንን ቁልፍ የለካኸው እዚህ ቤት ለሌለ ሰው ነው። ያ ሰውዬ ከሄደ ቆይቷል። አንተ ልባችሁ ውስጥ አለሁ ትላለህ፣ እትዬ ግን ስምህ ሲነሳ «ላም አለኝ በሰማይ» ብለው ወሬ ይቀይራሉ። የውድድር ስርጭት ትለኛለህ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ባትሪ አትላክ። ሌላ ማይክም አትላክ። ራስህን ላክ።


መጋቢት ፲፮ ቀን

ይድረስ ላጎቴ ልጅ፣

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ በዚያው ቀን መልስ ጻፍኩ። ቀደድኩት። ሌላ ጻፍኩ፣ እሱንም ቀደድኩት። ስለዚህ የዘገየሁት ኮርቼ አይደለም።

አሁንም ተናድጃለሁ። በአባዬ ተናድጃለሁ፣ እኔን ሊጠብቀኝ ሳይሆን ሊቀጣኝ ነው የደበቀኝ። በእማዬ ተናድጃለሁ። ባንተ ከሁሉም በላይ ተናድጃለሁ። መለኪያው ከሥሩ አልተነሳም ብለህ ነገርከኝ እኮ፤ እያየህ። እንዲህ ያለውን ተንኮል አንድ አልጋ ላይ እግርና ራስ ሆኖ ያደገ ሰው ይሠራዋል? በራሴም ተናድጃለሁ፣ ይህን ግን አንተ ደስ እንዲልህ አልዘረዝርልህም።

ካርዱን እንደገና ሰማሁት። እሽሽታውን አንድ በአንድ እየቀረፍኩ፣ ባለሙያ የሚያደርገውን ሁሉ አድርጌ። መጀመሪያ ላይ የመንገድ ጩኸት ነው ብዬ ያለፍኩት ቦታ ላይ አባዬ ነው። አንዲት ነገር ብቻ ለየሁ። መጨረሻው ላይ «ይበቃዋል?» ይልሃል። አንተ ሪከርደሩን አጠፋኸው።

አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅኳት። «ያንተን ቦታ ማን ይይዘዋል» አለችኝ። ማዳመጫዬን አድርጌ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ይህን ስጽፍልህ ራሴን ጠልቼዋለሁ።

ስለዚህ እንደገና እለምንሃለሁ፤ አንዴ ቅዳልኝ። ፕላስተሩን ላጠው። ማስተላለፊያው የት ላይ ይቁም የሚለውን ጽፌልህ ነበር፣ መልሼ ሰረዝኩት። የምታየው አንተ ነህ፤ እንዳየኸው አድርግ። አውቶ ብቻ አይሁን።

ባትሪ ልኬያለሁ፤ አትላክ ብለሃል፣ ልኬያለሁ።

ያጎትህ ልጅ


መጋቢት ፳፯ ቀን

ያጎቴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሃል። ለዚያች ደብዳቤህ ይህችን ያህል ሰላምታ ትገባታለች።

ፕላስተርህን ላጥኩት። ሙጫው ቁልፉ ላይ ቀርቶ በጥፍሬ ስፍቅ እንዴት አድርጌ እንደሰደብኩህ ካርዱ ላይ አለልህ፤ ሪከርደሩ በርቶ ነበር።

ማይኩን ከደረታቸው አንስቼ ኮሌታቸው ላይ፣ አገጫቸው ሊነካው እስኪል ድረስ አስጠጋሁት። ቁልፍ ከማዞር በፊት ማይኩን ማቅረብ ነው፤ ይህን ያስተማረኝ የበርሜሉ ሙሽራ ነው። ከዚያ «ጋሼ፣ ሁልጊዜ እንደሚያወሩት ያውሩ» አልኳቸውና ማስተላለፊያውን ቀስ እያልኩ ከፍ አደረግሁ፣ መለኪያው አረንጓዴውን ሞልቶ ቢጫው ጫፍ እስኪደርስ። መቀበያውን፣ ካሜራውን፣ ሪከርደሩን ከዚያ በኋላ አስተካከልኩ፣ በቅደም ተከተልህ። እሱ ላይ ልክ ነህ። «አንድ ድምፅ ብቻ» የምትለውን ሕግህን ግን ሽሬዋለሁ፤ እትዬ አጠገባቸው ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ፣ መርፌያቸው ይሰማሃል።

መጀመሪያ የሰደቡት እኔን ነው። «ያን ዕለት ለግድግዳ ነበር እንዴ የለፈለፍኩት?» አሉ። እውነቱን ነገርኳቸው፣ ሁለታችንንም አንድ ላይ ረገሙን። በዚህ አልተለየንም።

ከዚያ ስለ መናኸሪያው አወሩ። የሾፌሮቹን ቅጽል ስም፣ ረዳቶቹን ጥሎ የሄደውን አውቶቡስ፣ ሁሉንም። ሹክሹክታ ናት፣ ግን እያንዳንዷ ቃል ጥርት ብላ ትሰማለች። ሲደክማቸው አረፍ ይላሉ፣ ይጀምራሉ። እዚያ መሀል አንተ ልጅ ሆነህ የተሳሳተ አውቶቡስ ላይ ወጥተህ የኋላ ወንበር ላይ የተኛህበትን ቀን አነሱ። አውቶቡሱ ከበሩ ሲወጣ በመስኮት ጫማህን አዩት። «ሮጬ አልደርስበትም። ያለኝ ጉሮሮ ብቻ ነው፤ ተጣራሁ» አሉ።

ያበቁ መስሎኝ እጄን ወደ ማጥፊያው ሰደድኩ። ከወንበራቸው ብድግ ብለው በልጅነት ስምህ «ድንቡሼ!» ብለው ተጣሩ።

እንደ ድሮው ነው። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። እትዬ መርፌው ከእጃቸው ወደቀ፣ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። መለኪያው እስከ ጫፉ ቀይ ሆነ። ማዳመጫውን ከጆሮዬ ስነቅል ጆሮዬ ይጮኽ ነበር። ከዚያ ሳል ያዛቸው፣ ረጅም ሳል፣ ማንቁርታቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሳሉ ሲያባራላቸው በዚያችው ሹክሹክታ «ያኔ ሰምቶ ወርዷል» አሉ።

ማይኩን ራሳቸው ከኮሌታቸው ነቅለው እጄ ላይ አስቀመጡት።

ስምህ ተቀድዷል። ለሹክሹክታ የተለካ ቁልፍ ያንን አይችልም፤ ማዳመጫው ላይም ሰምቼዋለሁ፣ ቃሉ የለም፣ ፍንዳታ ብቻ ነው። ብትናደድብኝ ተናደድ። ይህን ጊዜ ግን እልኽ አይደለም፤ ያ ድምፅ እዚያ ሰውነት ውስጥ መኖሩን እኔም አላወቅኩም ነበር።

ያጎትህ ልጅ


ሚያዝያ ፮ ቀን

ይድረስ ላጎቴ ልጅ፣

ሰማሁት። ብቻዬን ነው የሰማሁት፣ በር ዘግቼ።

መጀመሪያ ልቆጣህ። ሪከርደሩ ሁለት መስመር አለው። ማንኛውም ተለማማጅ አንዱን በገመድ አልባው ማይክ ለሚጠብቀው ድምፅ፣ ሁለተኛውን በሪከርደሩ በራሱ ማይክ ለማይጠብቀው ዝቅ አድርጎ ይቀዳል። ይህን አድርገህ ቢሆን ስሜ ሳይቀደድ ይኖረኝ ነበር። እኔም ደግሞ ያንን አልጻፍኩልህም። ቁጥር ሁሉ ጽፌ ያቺን ረሳኋት፣ ምክንያቱም አባዬ ላይ የማልጠብቀው ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ቀኑን ሙሉ ልጠግነው ታገልኩ። በዚህ ሥራ የተቀደደን የሚሰፋ ማሽን የለም፤ የጎደለውን ገምቶ ይሞላል እንጂ። ገምቶ የሞላውን ሰማሁት፣ ሌላ ሰው ነው የሚጠራኝ። አጠፋሁት። አጥፍቼው የተቀደደውን መልሼ ሰማሁ፣ ደጋግሜ፤ ከዚያ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ።

«ያንተን ቦታ ማን ይይዘዋል» አለችኝ እንደለመደችው። «አላውቅም፣ የኔ አይደለም» አልኳት። ስመለስ ሥራው ይኑር አይኑር አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ሚያዝያ ፳ እገባለሁ። ለአባዬ አሁንም ሰምቻለሁ፣ እየወረድኩ ነው በልልኝ። እማዬንም ሰላም በልልኝ፤ በአባዬ ቦታ ሆና ስታወራኝ ባለማወቄ ተናድጃለሁ፣ እሷን ግን አልተቆጣሁም።

ድንቡሼ


ሚያዝያ ፲፩ ቀን

ያጎቴ ልጅ፣

ሳትነሳ እንዲደርስህ በፈጣን መልእክት ልኬዋለሁ፤ ክፍያው አንተ ላይ ነው።

ደብዳቤህን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እትዬ መርፌያቸውን አስቀምጠው ወጡ፣ ጓዳ ሆነው አለቀሱ፣ ሲመለሱ «መጣሁ ማለት መምጣት አይደለም» አሉ። ጋሼ «መቼ?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ቀኑን ነገርኳቸው።

ከዚያች «መቼ» ወዲህ አንዲት ቃል ከአፋቸው አልወጣችም። ደነገጥን። ነገሩ ከቀኑ ቀድሞ መጣ ብለን ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ጉሮሯቸውን አየ፣ አዲስ ነገር የለም አለ። እትዬ ቢለምኗቸው ብርጭቆውን መቱ። የሰፈሩ ሰው ሊጠይቃቸው መጥቶ ቢያወራቸው ፊታቸውን አዞሩ። መጨረሻ ላይ ሁለታችን ብቻችንን ስንሆን «ጋሼ፣ ድምፅዎን ለሱ እያጠራቀሙ ነው?» አልኳቸው። ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ለስድብ ይሁን ለምርቃት አልነገሩኝም። በልጅነትህ እንደማውቅህ ሁለቱም ይገባሃል። ማይኩን ጠቅልዬ ቦርሳው ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ ስትመጣም አላወጣልህም። የሚወጣው ሹክሹክታ ይሁን ያ የመናኸሪያው ጩኸት እኔ አላውቅም፣ አንተም በሩቅ ሆነህ አትለካውም። በር ላይ ቆመህ ሻንጣህን አታውርድ፣ ለሰዉ ሰላም አትበል። ቀጥታ ግባና ጆሮህን አፋቸው ላይ አድርግ።

ብትዘገይ ለኔ አትጻፍልኝ።

ያጎትህ ልጅ